የፓስተራችንን ደመወዝና የቤት አበል እንዴት እንክፈል? በምን ፎርምስ እናሳውቅ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለች የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ ነኝ። እስካለፈው ዓመት ድረስ ለፓስተራችን በዓመቱ መጨረሻ 1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የተከፈለ ገንዘብ የሚዘገብበትን ፎርም) ነበር የምንሰጣቸው። ዘንድሮ ቦርዱ በሙሉ ጊዜ ቀጥሯቸዋል። ደመወዛቸው በወር 4,000 ዶላር ነው፤ ሦስት ወር ከፍለናል። አሁን ደግሞ ግማሹ የቤት አበል ይሁን የሚል ሐሳብ መጣ፤ ከታክስ ነጻ ነው ሲባል ሰምተናል። ያለፉትን ሦስት ወራት ጨምረን የቤት አበል ማለት እንችላለን? ከደመወዛቸው ምን እንቆርጣለን? ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) እንዴት እናሳውቃለን? የሕክምና ኢንሹራንስና የቤንዚን ወጪያቸውንስ እንዴት እንሸፍን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሦስቱ ወራት ልጀምር። የቀረው ነገር በሙሉ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

አይቻልም። የቤት አበል ወደ ኋላ አይሄድም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ቤተ ክርስቲያኒቱ "ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ የቤት አበል ነው" ብላ መወሰን አለባት። ሳይወሰን የተከፈለ ገንዘብ ደመወዝ ነው። ፓስተሩ እያንዳንዷን ዶላር ለቤት ኪራይ አውለውት ቢሆን እንኳ ያው ነው። ቦርዱ ዛሬ ማታ ቢወስን ከነገ ጀምሮ የሚከፈለው ይያዝላቸዋል። ባለፈው ሳምንት የተከፈለው ግን አለፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ የቆየ ቀን ጽፎ መፈረምም መፍትሔ አይደለም፤ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ ቢመረመር የሚጎዱት ፓስተሩ ናቸው። ስለዚህ የዓመቱን ጉባኤ አትጠብቁ። ሰብሳቢው ዛሬውኑ ልዩ ስብሰባ ይጥሩ።

ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን፤ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። እንዲህ ቢል ይበቃል፦ "ቦርዱ በዛሬው ስብሰባው፣ ከዚህ ቀን በኋላ ለፓስተር እገሌ በየወሩ ከሚከፈለው 4,000 ዶላር ውስጥ ይህን ያህል ዶላሩ በአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 107 መሠረት የቤት አበል እንዲሆን ወስኗል። ቦርዱ በሌላ ውሳኔ እስኪለውጠው ድረስ በሚቀጥሉት ዓመታትም የጸና ነው።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። ዲሴምበር ላይ ሁሉም በበዓል ዝግጅት ተወጥሮ ስብሰባው ቢረሳ፣ ፓስተራችሁ ጃንዋሪን ያለ አበል እንዳይጀምሩ የምታድናቸው እሷ ናት።

"ግማሹ ይሁን" የሚለውን ግን እንደገና እዩት። ግማሽ የሚባል ደንብ የለም። ቁጥሩ መምጣት ያለበት ከፓስተሩ የቤት ወጪ ነው። ከስብሰባው በፊት የሚመጣውን ዓመት ወጪ ገምተው ለቦርዱ ይስጡ፦ ኪራይ፣ ወይም ቤት ከገዙ የሞርጌጅ ክፍያው ዋናውም ወለዱም፣ የቅድሚያ ክፍያው፣ የንብረት ታክስ፣ የቤት ኢንሹራንስ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ጋዝ፣ ኢንተርኔት፣ የቤት ዕቃ፣ ጥገና። ምግብና የቤት ሠራተኛ ደመወዝ አይገቡም። ኪራያቸው በወር 2,400፣ ሌላው የቤት ወጪ 300 ነው እንበል። ድምሩ 2,700 ዶላር ነው። እናንተ ደግሞ "ግማሹ" ብላችሁ 2,000 ወሰናችሁ። በዓመት 8,400 ዶላር ያለ ምክንያት የገቢ ታክስ ይከፈልበታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ትንሽ ከፍ አድርጎ መወሰን ይሻላል። የተረፈው ላይ ፓስተሩ ታክሱን ይከፍላሉ፤ ሌላ ቅጣት የለውም። ዝቅ ተደርጎ ተወስኖ የተከፈለውን ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል አይቻልም።

ቦርዱ ወሰነ ማለት ሁሉም ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ፓስተሩ በዓመቱ መጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ያወዳድራሉ። አንደኛው ቦርዱ የወሰነው ነው። ሁለተኛው በእርግጥ ለቤት ያወጡት ነው። ሦስተኛው ቤቱ ከነዕቃው ቢከራይ የሚያወጣው ዋጋ፣ የመብራትና የውሃ ወጪ ተጨምሮበት ነው። ከሦስቱ ትንሹ ነው ከገቢ ታክስ ነጻ የሚሆነው። ከዚያ የተረፈውን በራሳቸው የታክስ ሪተርን ላይ እንደ ደመወዝ ገቢ ይጨምሩታል። ደረሰኝ የመያዝ ኃላፊነቱ የሳቸው ነው፤ እናንተ ደረሰኝ የመሰብሰብ ግዴታ የለባችሁም። አበሉ የሚሠራው ለአንድ ቤት ብቻ ነው። ቤት ገዝተው ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ፦ ተቀናሾቻቸውን በዝርዝር የሚያስገቡ ከሆነ፣ ከአበሉ የከፈሉትን የሞርጌጅ ወለድና የንብረት ታክስ እዚያም ላይ ማስገባት ይችላሉ። ሕጉ ይህን በግልጽ ፈቅዷል። ብዙ ታክስ ሠሪዎች ስለማያውቁት ያልፉታል።

አንዳንድ ሰው "ይህ ነገር በፍርድ ቤት ተሽሯል" ብሎ ሊያስፈራችሁ ይችላል። በ2017 አንድ የፌዴራል ዳኛ አበሉ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብለው ፈርደው ነበር። በማርች 2019 ግን የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። አበሉ ዛሬም ይሠራል።

ማን ያገኘዋል? የተቀባ፣ ፈቃድ የተሰጠው ወይም በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት የተሾመ፣ የሚከፈለውም ለመንፈሳዊ አገልግሎት የሆነ ሰው ነው። ፓስተራችሁ ይህን ያሟላሉ። ጸሐፊዋ፣ የጽዳት ሠራተኛው፣ ሹመት የሌለው ዘማሪ አያገኙም። ለታክስ ሲባል ብቻ ሰው መሾም ደግሞ አይታሰብ።

አሁን ብዙ ቤተ ክርስቲያናት የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደረስን። ሕጉ ፓስተራችሁን በሁለት ዓይን ነው የሚያያቸው። በገቢ ታክስ በኩል ተቀጣሪያችሁ ናቸው። በሶሻል ሴኩሪቲና በሜዲኬር በኩል ደግሞ ለአገልግሎታቸው ክፍያ እንደ ግል ሠራተኛ፣ ማለትም ለራሱ እንደሚሠራ ሰው፣ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ከደመወዛቸው ላይ ሶሻል ሴኩሪቲም ሆነ ሜዲኬር አትቆርጡም። እናንተም የአሠሪ ድርሻ አትከፍሉም። ይህ የሳቸውም የእናንተም ምርጫ አይደለም፤ ሕጉ ነው። የደመወዝ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ካስገባችኋቸው በራሱ መቁረጥ ይጀምራል። መዝገባቸውን ዛሬ ከፍታችሁ አረጋግጡ። ተቆርጦ ከተገኘ ለፓስተሩ መልሱላቸውና 941-ኤክስ በተባለው የደመወዝ ታክስ ማረሚያ ፎርም አስተካክሉት።

ይህን ታክስ ፓስተሩ ራሳቸው ይከፍሉታል፤ 15.3 በመቶ ነው። ከነዚህ 12.4ቱ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 2.9ኙ ለሜዲኬር ይሄዳሉ። ልብ በሉ፦ የቤት አበሉም ይታሰብበታል። "ከታክስ ነጻ" የተባለው ከገቢ ታክስ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቤት ሰጥታ ብታኖራቸውም፣ የቤቱ የኪራይ ግምት በዚሁ ታክስ ስሌት ውስጥ ይገባል። በእናንተ ቁጥር እንየው። ሙሉ ዓመት 48,000 ዶላር ተከፍሎ ግማሹ አበል ቢሆን፣ የገቢ ታክስ የሚታሰበው በ24,000 ላይ ነው። የግል ሠራተኛው ታክስ ግን በ48,000 ይጀምራል። በደንቡ መሠረት 92.35 በመቶው ይወሰዳል፤ 44,328 ይሆናል። 15.3 በመቶው ወደ 6,782 ዶላር ነው። በወር 565 ዶላር ገደማ ማለት ነው። የዚህ ግማሽ ከገቢ ታክሳቸው ስሌት ላይ ይቀነስላቸዋል፤ ታክሱ ራሱ ግን አይቀርም።

ይህን ቁጥር ፓስተሩ ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለባቸው። "ነጻ ነው" ተብለው 4,000ውን በሙሉ ለኑሯቸው ያጠፋሉ፤ ኤፕሪል ሲመጣ ያላሰቡት ዕዳ ይቆልላቸዋል። ልጆች እያሳደጉ ያሉ አገልጋይ ከየት ያምጡት? ስለዚህ ሲቀጠሩ ስሌቱን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ አሳዩአቸው። ይህን ማድረግ የቦርዱ ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ።

አከፋፈሉ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ፓስተሩ ራሳቸው በ1040-ኢኤስ ፎርም በዓመት አራት ጊዜ መክፈል ነው፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና በሚቀጥለው ጃንዋሪ 15። ሁለተኛው እንድትቆርጡላቸው መስማማት ነው። የአገልጋይ ደመወዝ ላይ የገቢ ታክስ መቁረጥ ግዴታ አይደለም፤ ግን ፓስተሩ ደብሊው-4 የሚባለውን የታክስ ማስቆረጫ ፎርም ሞልተው ከጠየቁ ይቻላል። የግል ሠራተኛውን ታክስ የሚሸፍን ተጨማሪ ገንዘብ እንዲቆረጥም መጠየቅ ይችላሉ። እንዲህ የሚቆረጠው በሙሉ የሚመዘገበው "የገቢ ታክስ" ተብሎ ነው እንጂ ሶሻል ሴኩሪቲ ተብሎ አይደለም። እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ። በየሦስት ወሩ ቼክ መጻፍ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ አቅም ካላት ደግሞ ለሌላ ሠራተኛ የምትከፍለውን 7.65 በመቶ ለፓስተሩ በተጨማሪ ደመወዝ መልክ መስጠት ትችላለች። በ48,000 ላይ 3,672 ዶላር ነው። ይህም ራሱ ታክስ ይከፈልበታል፤ ደብሊው-2 (የተቀጣሪ የዓመት ደመወዝ የሚዘገብበት ፎርም) ላይ ይደመራል። ቢሆንም ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ልቤን የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ፎርም 4361 የሚባል አለ። አንድ አገልጋይ የመንግሥት ኢንሹራንስን መቀበል ከሃይማኖት እምነቱ ወይም ከኅሊናው ጋር የሚቃረን ከሆነ፣ ከአገልግሎት በሚያገኘው ገቢ ላይ ከዚህ ታክስ ነጻ እንዲሆን የሚያመለክትበት ነው። የጊዜ ገደቡ አጭር ነው፤ ከአገልግሎት 400 ዶላርና ከዚያ በላይ የተጣራ ገቢ ያገኘበት ሁለተኛ ዓመት ሪተርን እስከሚገባበት ቀን ድረስ ነው። ከጸደቀ በኋላ መመለስ አይቻልም። ችግሩ፣ አንዳንድ ሰው "15 በመቶ ታድናለህ" እያለ ለአገልጋዮች ያስሞላቸዋል። ታክስ ለማዳን ብሎ መፈረም ሐሰት ነው፤ ፎርሙ የሚጠይቀው እውነተኛ ሃይማኖታዊ ተቃውሞ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በእርጅና ይመጣል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት (በተዘገበ የሥራ ገቢ የሚገኝ ነጥብ) ያስፈልጋል፤ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም። ሳይከፍሉ ሜዲኬር ፓርት ኤ (የሆስፒታል ኢንሹራንስ) ለማግኘትም በአብዛኛው ያው 40 ክሬዲት ነው። ከአገር ቤት በአርባ ዓመታቸው የመጡ አገልጋይ ለማባከን የሚበቃ ዓመት የላቸውም። ሰባ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ የሌላቸውን አባቶች ስናይ "ጌታ ያውቃል" ብለን ማለፍ የለብንም። ክሬዲቱን የሚያስገኘው ዛሬ በትክክል የተዘገበ ደመወዝ ነው።

ወደ ፎርሞቹ እንሂድ። ፓስተራችሁ የሚያገኙት ደብሊው-2 ነው፤ እስከ ጃንዋሪ 31 ይደርሳቸዋል። ቦክስ 1 ላይ ደመወዙ ይገባል፤ የቤት አበሉ አይገባም። ቆርጣችሁ ከሆነ የፌዴራል ታክሱ ቦክስ 2 ላይ ይሆናል። ከቦክስ 3 እስከ 6 ያሉት፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር የሆኑት፣ ባዶ ይቀራሉ። ታክስ ሠሪያችሁ ባዶነታቸውን አይቶ "ተሳስታችኋል" ቢል አትደንግጡ፤ ትክክሉ እሱ ነው። የቤት አበሉን ቦክስ 14 ላይ ማሳየት ወይም በተለየ ደብዳቤ ማሳወቅ ይቻላል። እኔ ቦክስ 14ን እመርጣለሁ፤ ደብዳቤ ይጠፋል። ያለፉት ሦስት ወራት 12,000 ዶላር በሙሉ ቦክስ 1 ውስጥ እንደሚገባም አትርሱ።

በየሦስት ወሩ የደመወዝ ታክስ ሪፖርት የሆነውን ፎርም 941 ታስገባላችሁ፦ እስከ ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31 እና ጃንዋሪ 31። የፓስተሩ ደመወዝ መስመር 2 ላይ ይጻፋል፤ አበሉ አይጨመርም። መስመር 5 ላይ የሳቸው ደመወዝ አይገባም። ሌላ ሠራተኛ ከሌላችሁ መስመር 4 ላይ ያለውን ምልክት አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ፎርም 990 (የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዓመታዊ ሪፖርት) ከማስገባት ነጻ ስለሆነች "ለአይአርኤስ ምንም አናስገባም" የሚሉ አሉ። የደመወዝ ፎርሞች ከዚያ ጋር አይገናኙም። የስቴቱን ሕግም ለብቻ አጣሩ። ለምሳሌ ፔንሲልቬንያ በገንዘብ በተሰጠ የቤት አበል ላይ የስቴት ታክስ ታስከፍላለች።

1099ኙን በተመለከተ፣ የሙሉ ጊዜ ፓስተር በአብዛኛው ተቀጣሪ ናቸው፤ ቦርዱ ሥራቸውን ይመራል፣ ደመወዛቸውን ይወስናል። ከዘንድሮ ጀምሮ ደብሊው-2 ይሁን። ያለፉት ዓመታት ገቢያቸው ተዘግቦ ታክሱ ተከፍሎ ከሆነ ነገሩ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ያለፈውን ማረም ይሻል እንደሆነ ሪተርኖቹን ለሒሳብ ባለሙያ አሳዩ። 1099 የሚሰጠው ለአንድ ኮንፈረንስ ጋብዛችሁ ለሸኛችኋቸው ሰባኪ ነው። ገደቡ እስከ 2025 ድረስ ለተከፈለው 600 ዶላር ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈለው 2,000 ሆኗል።

ቤንዚኑን እንዲህ አድርጉት። በወር 300 ዶላር ቆርጣችሁ "ለነዳጅ" ብላችሁ ከሰጣችሁ ደመወዝ ነው፤ ታክስ ይከፈልበታል። በጽሑፍ የጸደቀ የወጪ መተኪያ ደንብ ካላችሁ ግን ታክስ የለበትም። ፓስተሩ ቀኑን፣ የሄዱበትን፣ ምክንያቱንና ማይሉን ይጽፋሉ፤ ሆስፒታል ለመጠየቅ፣ ለቀብር፣ ለስብሰባ። ሒሳቡን ወጪው በወጣ በ60 ቀን ውስጥ ያቀርባሉ፤ ቀድመው የተቀበሉት ትርፍ ካለ በ120 ቀን ውስጥ ይመልሳሉ። ከቤታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለሱበት አይቆጠርም። የ2025 ተመን በማይል 70 ሳንቲም ነበር፤ በየዓመቱ ይለወጣል። ለመጻሕፍት፣ ለስልክ፣ ለስብሰባ ጉዞም ይኸው ደንብ ይሠራል። ከ2018 ወዲህ ተቀጣሪ ከኪሱ ያወጣውን የሥራ ወጪ ከፌዴራል የገቢ ታክሱ ላይ መቀነስ ስለማይችል፣ እናንተ ካልተካችሁላቸው ወጪው የሳቸው ሆኖ ይቀራል።

የሕክምና ኢንሹራንስ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የቡድን ኢንሹራንስ ገዝታ በቀጥታ ብትከፍል ለፓስተሩ ታክስ የለውም። ፓስተሩ በግል የገዙትን ኢንሹራንስ ያለ መደበኛ ፕላን እየተኩ መክፈል ግን አደገኛ ነው። ከአንድ በላይ ሠራተኛ በዚህ መንገድ ከተሸፈነ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 100 ዶላር ቅጣት ሊመጣ ይችላል። ለዚህ መፍትሔ አለው። ከ50 በታች የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ላላቸው አሠሪዎች ከ2017 ጀምሮ የተፈቀደ የሕክምና ወጪ መተኪያ ፕላን አለ፤ ባለሙያዎች "ኪው-ሴራ" ይሉታል። ፕላኑ በጽሑፍ መዘጋጀት አለበት።

ጡረታን ብዙ ቦርዶች ሳያነሱት ያልፋሉ። 403-ቢ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ፕላን ለአገልጋይ ከሌላው ሰው የበለጠ ይጠቅማል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የምታስገባላቸው ገንዘብ ያኔ የገቢ ታክስም፣ ያ 15.3 በመቶም አይከፈልበትም። ከቤተ ክርስቲያን ፕላን ከሆነ ደግሞ፣ ጡረታ ወጥተው ሲቀበሉት ፕላኑ የቤት አበል ብሎ ሊወስንላቸው ይችላል። ተራ አይአርኤ (የግል የጡረታ ሒሳብ) ይህን አይሰጥም። በወር 100 ዶላርም ቢሆን ጀምሩ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ የፍቅር ስጦታን። ለበዓል ወይም ለአገልግሎት ዘመን መታሰቢያ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሒሳብ አሰባስባችሁ ለፓስተሩ የምትሰጡት ገንዘብ ደመወዝ ነው፤ ደብሊው-2 ላይ ይገባል። መኪና ገዝታችሁ ቁልፉን በመድረክ ላይ ብትሰጡም የመኪናው ዋጋ ይገባል። ሳይዘገብ ከቀረና አይአርኤስ ከደረሰበት፣ እንደ አላግባብ ጥቅም ሊቆጠር ይችላል። ያኔ ስጦታውን የተቀበሉት ፓስተር 25 በመቶ ቅጣት ይመጣባቸዋል፤ ካላስተካከሉት 200 በመቶ ይደርሳል። እያወቁ ያጸደቁ የቦርድ አባላትም በግላቸው ይጠየቃሉ። ስጦታውን አትተዉ፤ ዘግቡት። ከቻላችሁ ታክሱን የሚሸፍን ጨምሩበት።

ፓስተራችሁ በአር-1 (የሃይማኖት ሠራተኞች) ቪዛ የመጡ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከታክስ ያልፋል። ቪዛው ሲታደስ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ቃል የተገባላቸው ደመወዝ በእርግጥ መከፈሉን በደብሊው-2 ወይም በታክስ ሪተርን እንድታሳዩ ይጠይቃል። ለግሪን ካርድ ሲያመለክቱም የሁለት ዓመት የአገልግሎት ክፍያ ማስረጃ ይፈለጋል። የቤት አበሉ ቦክስ 1 ውስጥ ስለሌለ፣ ማመልከቻው ላይ 48,000 ተብሎ ደብሊው-2ው 24,000 ሲያሳይ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ቦክስ 14 ላይ የተጻፈው አበልና የቦርዱ ቃለ ጉባኤ አብረው ይያያዙ። ክፍያው ደግሞ ሁልጊዜ በቼክ ወይም በባንክ ይሁን፤ በጥሬ ገንዘብ በፖስታ የተሰጠ ደመወዝ ለኢሚግሬሽን መኮንን ማሳየት አይቻልም።